ሳይጠሩት አቤት

በወይራ ሜዳ ሳይት የብሎክ ዘጠኝ መረዳጃ እድር ጸሐፊ ወይዘሮ ሶልያና በፈቃዱ የሞተችው በኅዳር 2074 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። መዝገቡ ሰከንዷን ሳይቀር ይዟታል። በዚያች ሰከንድ ሟች እንግዳ ምሳ እያበላች ነበር።

ዕድሜዋ ስልሳ ሦስት ነው፤ ከጉልበቷ በቀር የሚያማት ነገር የለም። ስሟ እንዳያሳስት፤ በዚያ ዘመን ሶልያና፣ ኤልዳና፣ ናሆም የባልቴትና የሽማግሌ ስሞች ናቸው። ጎልማሳው ጓንጉልና ድንበሩ ነው የሚባለው፣ ልጃገረዷ ደግሞ ተዋበች።

ነገሩ የጀመረው በምርጫ ነው። እድሩ ሥራውን የሚያስኬደው በሰንሰለት ነበር፤ አንዱ ነገር ሲሆን ሌላው ራሱ ይከተላል። ሰው ሲሞት ድንኳኑ ይጫናል፣ ወንበሩ ይወጣል፣ ለሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት ይነገራል፣ ለአገር መዝገብ ይላካል፣ ለለቀስተኛው ከየመሥሪያ ቤቱ የሦስት ቀን ፈቃድ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ ለዓመታት ሲያንቀሳቅስ የኖረው ባሕር ማዶ የተቀመጠ የኪራይ መሣሪያ ነው። አንድ ጠዋት አከራዩ ኩባንያ ተዘጋ። በዚያው ቀን ሁለት አባላት ሞቱ። ድንኳን አልመጣም፣ ሰው አልተጠራም፤ ቤተሰቡ ሬሳ ይዞ ፀሐይ ላይ ዋለ።

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ናሆም፣ በሚቀጥለው ስብሰባ። ከዚያ በኋላ እድሩ የራሱን ማሽን አስገባ። ማሽኑ የተቀመጠው በእድሩ ዕቃ ቤት፣ በትልልቆቹ ብረት ድስቶችና በተጠቀለለው ትርፍ ድንኳን መካከል ነው። ኮዱ ክፍት የሆነ፣ በነፃ የሚገኝ፣ በራስ ቤት የሚኖር መሣሪያ ተመርጦ ይጫንበታል ተባለ። መራጯ ጸሐፊዋ ሆነች።

ሶልያና አሥራ አንድ መሣሪያዎችን በባለ ካሬ ደብተሯ ላይ ጻፈች። አንዱን «መልኩ ያምራል፣ ግን የመጨረሻው እርማት ከስድስት ዓመት በፊት ነው፤ ባለቤቶቹ ጥለውት ሄደዋል» ብላ ሰረዘችው። ሌላውን «ክፍት ነኝ ይላል፤ ሲከፈት ውስጡ ሌላ የተቆለፈ በር አለ» ብላ ሰረዘችው። አንዱን ደግሞ የማሽኑን የማስታወስ አቅም ብቻውን ስለሚበላ፣ «ሆዳም» በሚል አንድ ቃል አሰናበተችው። በመጨረሻ ሁለት ቀሩ፤ ድርና ማግ እና ቅብብል።

ድርና ማግ ቀርፋፋ ነው። እያንዳንዷን እርምጃ ሰው በጽሑፍ ካላስረዳው ንቅንቅ አይልም፣ አስረድተውትም መልሶ ይጠይቃል። ሶልያና የቀብሩን ሰንሰለት ስታዘጋጅለት መጀመሪያ ላይ አንድ እርምጃ ጨመረችበት፤ «ሰው ሄዶ ይይ» የምትል። ቅብብል ግን በጣት እየጎተቱ የሚሥሉት፣ አራት ሺህ ዝግጁ ማያያዣ ያለው፣ በየቤቱ ግድግዳ ላይ ካለው፣ የቤቱን ንግግር ከሚሰማው ጆሮ ጋር ራሱ የሚገጣጠም ፈጣን ነገር ነው። ጋሽ ናሆም ድርና ማግን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ»፣ ቅብብልን ደግሞ «ሳይጠሩት አቤት» ብለው ስም አወጡላቸው። ስሞቹ በብሎኩ ተያዙ።

የቅብብል ጠበቃ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ኢንጂነር ጓንጉል ነው። ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ሲናገር የሰው ንግግር የሚጨርስ፣ ሊፍት ሳይደርስ ቁልፉን አሥር ጊዜ የሚጫን ሰው ነው።

«እትዬ ሶልያና፣ በ2074 ዓ.ም. ሰው ሄዶ ይይ ይባላል?» አላት። «ግድግዳው እያየና እየሰማ?»

«ግድግዳ ለቅሶ ደርሶ ያውቃል?» አለችው።

«አንድ ወር አንዱን፣ አንድ ወር ሌላውን እንሞክራቸው» አለ ጓንጉል።

ተስማሙ። በጥቅምት ወር ድርና ማግ ተሞከረ። አንድ የአሥራ አንደኛ ፎቅ አዛውንት ሲያርፉ ጋሽ ናሆም «ሄደው አይተዋል? በእርግጥ አይተዋል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ መጣባቸው፤ ድንኳኑ የተተከለው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። አባላቱ አጉረመረሙ። ኅዳር ሲገባ ተራው የቅብብል ሆነ።

ጋሽ ናሆም የሶልያና ጎረቤት ናቸው፤ በራቸው ከበሯ ትይዩ ነው። ሰባ ሁለት ዓመታቸው ነው። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ምሳቸውን እሷ ዘንድ ይበላሉ። መብላት ከተባለ ነው። እሳቸው በድሮው ሥርዓት ያደጉ ስለሆኑ ያለ ልመና አይጎርሱም፤ ልመናው ካልደረሳቸው ተርበውም ቢሆን እጃቸውን ይታጠባሉ። በዚያ ማክሰኞ የቀረበው የዓሣ ዱለት ነበር።

«በቃኝ ሶልዬ» አሉ ሁለት ጊዜ እንኳ ሳይጎርሱ።

«ምኑን ቀመሱትና!»

«ኧረ ጠግቤያለሁ።»

ሶልያና የተጠቀለለውን ጉርሻ አፋቸው ድረስ ወሰደችው። «በሞቴ! ይቺን ብቻ!»

ጋሽ ናሆም እንደ ወጉ ተሸነፉና አፋቸውን ከፈቱ። ግድግዳው ላይ ያለው ጆሮ ለአፍታ አረንጓዴ ሆነ። ማንም ልብ አላለውም።

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» እያለች ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም አጎረሰቻቸው። አራተኛውን ስትጠቀልል፣ ከታች የጭነት መኪና ጡሩንባ ተሰማ። በመስኮት ብታይ የእድሩ ድንኳን እየተተከለ ነው። ከመጀመሪያው ጉርሻ እስከ መጀመሪያው ካስማ አሥራ አንድ ደቂቃ ሆኖታል።

«ማን ሞተ?» አለች። ተቆጣች እንጂ አልደነገጠችም። «ጸሐፊዋ እኔ፣ ሳልሰማ ድንኳን ይተከላል?»

ጋሽ ናሆም ስልካቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አነበቡ። ከዚያ እሷን አዩ። ከዚያ እንደገና አነበቡ። ጉርሻውን በችግር ዋጡት።

«ሶልዬ» አሉ፣ «አንቺ ነሽ።»

ሶልያና ነጠላዋን ጣል አድርጋ ወጣች፤ ያን ድንኳን ራሴ ላስነቅለው ብላ፤ ጋሽ ናሆምም ተከተሏት። በሩ ከኋላዋ ሲዘጋ ሰማችው። ስትመለስ አልከፈተላትም። ሊፍቱ አላወቃትም። «እኔ ነኝ፣ ሶልያና ነኝ» ብትለው ግድግዳው ጸጥ አለ፤ የሟች ድምፅ ለክብሩ ሲባል ከመዝገብ ስለሚወጣ የሚሰማት አልነበረም።

ጋሽ ናሆም በራሳቸው ስልክ ወደ እርዳታ መስመሩ ደወሉ። መሣሪያው የእድሩ፣ ማሽኑ የእድሩ ስለሆነ የእርዳታ መስመሩም የእድሩ ነው። አንዲት ለስላሳ ድምፅ መለሰች፤ «ለእርዳታ የተመደቡት ወይዘሮ ሶልያና በሕይወት የሉም። እግዜር ያጽናዎት።»

ጓንጉል ተጠርቶ መጣ። ዕቃ ቤት ገብቶ፣ በድስቶቹ መሐል ተንበርክኮ፣ ኮዱን ከፍቶ ሲያይ ቆየ። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ጥፋቱን ለማግኘት አልተቸገረም። ቅብብልን በነፃ ከሚሠራው ማኅበረሰብ አንድ በጎ ፈቃደኛ፣ አማርኛን ከመዝገበ ቃላት የተማረ ሰው፣ «ሞት»ን ከነዘር ማንዘሩ ዘርዝሮ አስገብቶታል። «በሞቴ» በዝርዝሩ ሦስተኛ ናት፤ አጠገቧ «ተናጋሪው ስለ ራሱ ሞት ያረጋግጣል» የሚል ማብራሪያ ተጽፎላታል።

ጓንጉል ለማኅበረሰቡ አቤቱታ ላከ። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ስላሳወቃችሁን እናመሰግናለን! አስተካክላችሁ ላኩልን።»

«ማንን እንውቀስ እንግዲህ?» አሉ ጋሽ ናሆም።

«ማንንም። ባለቤቶቹ እኛው ነን» አለ ጓንጉል። ድምፁ ውስጥ ኩራትም ነበረበት። «ዝርዝሩን አሁኑኑ ማረም እችላለሁ። ለአገር መዝገብ የተላከውን ለመሻር ግን የሁለት ሰው ድምፅ ያስፈልጋል፤ የዳኛውና የጸሐፊዋ።»

«ጸሐፊዋ ይኸው ቆማለች!»

«ድምፅ የላትማ።»

«ሌላ ጸሐፊ እንምረጥ ታዲያ።»

ይህን የመለሰችው ራሷ ሶልያና ናት፤ ደንቡን ያረቀቀችው እሷ ነችና። የእድሩ አመራር ሲሞት ጠቅላላ ጉባኤ የሚጠራው ከአርባው በኋላ ነው፤ አንቀጽ አሥራ ሰባት። የሟች ቤት ግን ወራሽ ልጅ ከሌለ በሠልስቱ፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ቤት ለሚጠብቅ ወረፋተኛ ይተላለፋል። እሱ የአገር ሕግ ነው። ሶልያና ልጅ የላትም። ሐሙስ ስድስት ሰዓት ላይ ቤት አይኖራትም ማለት ነው።

ድንኳኑ ያን ጊዜ ሞልቶ ነበር። ሶልያና ስትገባ ሰው ሁሉ አፈረ። የሚያለቅሱት አቆሙ፣ አንዳንዱ ከመቀመጫው ብድግ አለ። ሞቷን በስልኩ አንብቧል፣ እሷን ደግሞ በዓይኑ ያያል፤ የትኛውን እንደሚያምን ቸገረው። ትንሽ ቆይቶ አንድ የመሥሪያ ቤት ሰው ቀስ ብሎ ወደ ጆሮዋ ተጠጋ።

«እትዬ፣ እንኳን አልሞቱ። ግን ፈቃዱ ለሦስት ቀን ነው የመጣልን… እስከ ሐሙስ ቢታገሡ ምን ይመስልዎታል?»

ሶልያና ዙሪያውን አየች። ብዙዎች አንገታቸውን ደፍተው፣ በሐሳቡ እንደሚስማሙ በሚያስታውቅ አኳኋን ተቀምጠዋል። ከመጡ አይቀር ለቅሶው ቀጠለ።

ሟች በራሷ ለቅሶ ላይ ሦስት ቀን ተቀመጠች። የቤቷ በር ለለቀስተኛ ስለሚከፈት በሰው መሐል ተጋፍታ ገባች፤ ስትወጣም ተጋፍታ ወጣች። የሚመጣውንና የሚቀረውን በደብተሯ ያዘች፤ ልማድ ነው። ከሁሉ የገረማት ግን ኤልዳና ነች። የአምስተኛ ፎቋ ኤልዳና በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣልታት ሦስት ዓመት ሙሉ አኩርፋት ነበር። አሁን ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን እየደቃች ሙሾ ታወርዳለች፤

አርፍዶ የመጣን ስትቀጪ ኖረሽ፣
ዛሬ ምን ነካሽና ቀድመሽ ተነሣሽ!

«ኤልዳና» አለቻት ሶልያና ጎን ለጎን እንደተቀመጡ፣ «አለሁ እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች ኤልዳና እንባዋን እየጠረገች። «ግን ከጀመርኩት አልቆም አለኝ። ደግሞ ከኩርፊያ የምታረቂኝ መስሎኝ ስጠብቅ ነው የከረምኩት።»

 አብረው አለቀሱ።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወረፋተኛው መጣ። ጨዋ ሰው ነው። ጫማውን አውልቆ ገባ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» አለ፣ ጥቂት ተቀመጠ፣ ከዚያ ሜትር አውጥቶ የመስኮቱን ወርድ ለካ። ለመጋረጃ ነው። ቀጥሎ ወደ ግድግዳው ቁም ሳጥን ሄደ። ያንን ቁም ሳጥን የሠራው የሶልያና ባል ያብስራ ነው፤ አናጢ ነበር፤ ከግድግዳው ጋር አዋድዶ፣ አንዲት ሚስማር ሳይመታ፣ በአንድ ክረምት ጨረሰው። በሚቀጥለው ክረምት ሞተ።

«ይሄ ይነቀላል?» አለ ወረፋተኛው፣ ለማንም ሳይሆን ለቤቱ።

ሶልያና እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በነገሩ ሲያሻት ትናደድ፣ ሲያሻት ትስቅ ነበር። አሁን ግን ሁለቱም ቀሩ። ሰው በር ቢዘጋባት መሬት ላይ ተቀምጣ ትከራከራለች፤ የያብስራን ሳጥን ሲነቅሉ ቆማ ማየት ግን አትችልም። ደብተሯን አወጣች። በዚህ ወር ያጸደቀቻቸውን የቅብብል ሰንሰለቶች አንድ በአንድ በጣቷ ወረደች። ቀብር። ሠልስት። ሰርግ። ከዚያ ጣቷ ቆመ።

ልደት።

የልደቱ ሰንሰለት አጭር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሰዎች «እንኳን ማርያም ማረሽ» ካሉና እልልታ ከተሰማ፣ በዚያ ቤት ልጅ ተወልዷል። ለወንድ ሰባት እልልታ፣ ለሴት ሦስት። ስሙን ቤት ውስጥ ተደጋግሞ ከሚጠራው ስም ይወስዳል። የገንፎ ዱቄት ይታዘዛል፣ ለአገር መዝገብ ይላካል፣ ቤቱም ወራሽ አገኘ ማለት ነው።

ወደ ኤልዳና ጆሮ ተጠግታ ነገረቻት። ኤልዳና በመጀመሪያ አማተበች። ቀጥላ ሣቋን በነጠላዋ አፈነች። ነገሩ ከሴት ወደ ሴት በሹክሹክታ ሲዞር፣ ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ለቅሶ መሳይ ነገር ሁሉ ጠፋ።

«እንኳን ማርያም ማረሽ ሶልያና» አለች አንዷ ለግድግዳው እንዲሰማ ጮክ ብላ።

«እንኳን ማርያም ማረሽ ሶልያና!»

«እንኳን ማርያም ማረሽ» አሉ ሦስተኛው ጋሽ ናሆም፣ ወንድ በማይገባበት ገብተው፣ ጆሯቸው ድረስ ቀልተው።

ከዚያ እልልታው ተለቀቀ። ሦስት ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ግን ኤልዳና ሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን ኩርፊያ ነው የምታወጣው፤ አንዴ ከጀመረች ማን ያስቁማት። አራተኛውን ለቀቀችው፣ አምስተኛውን፣ ስድስተኛውን። ሰባተኛው ላይ ጓንጉል ከበሩ ላይ «ይበቃል!» ብሎ ጮኸ። ዘግይቷል። ግድግዳው አረንጓዴ ሆነ፤ ወረፋተኛው የያዘው ስልክ ጮኸ። አነበበና ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ወራሽ ተወልዷል ይላል» አለ። ከዚያ ጨዋነቱ አልተወውምና «እንኳን ደስ ያላችሁ» ብሎ ጫማውን አደረገ።

ወይዘሮ ሶልያና በፈቃዱ ከዚያ ሐሙስ ጀምሮ በሕግ ፊት ሶልያና የሚባል የሦስት ኪሎ ወንድ ሕፃን ነች። በሩ ይከፍትላታል፣ ሊፍቱ ቀስ ብሎ ያወርዳታል። ክትባቷን እንዳትረሳ በየሳምንቱ ይነገራታል። ድምፅዋም ወደ መዝገብ ተመልሷል፤ ግን የምትናገረው ሁሉ የሚመዘገበው ለቅሶ ተብሎ ነው። «መብራቱን አጥፋ» ስትል ግድግዳው እሹሩሩ ይልላታል። ሁለተኛ ስትጮህ ወተት እያሞቀ መሆኑን ይነግራታል።

በአርባው ማግስት ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የጸሐፊ ምርጫው ለሌላ ጉባኤ ተላለፈ፤ አጀንዳው አንድ ሆነ፤ ድርና ማግ ወይስ ቅብብል። ሶልያና ከፊት ተቀመጠች፤ ዕድሜዋ ለመምረጥ አልደረሰም፣ ለመናገርም ቢሆን እንግዳ ናት ተባለ። በእሷ ፈንታ ጋሽ ናሆም ተናገሩ።

«እኔ ብዙ አላወራም» አሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። ይሄ ቀርፋፋችሁ ይሻላል። ‹ሰው ሄዶ ይይ› የምትል አንዲት መስመር አለችው። በኅዳር ያቺ መስመር ብትኖር ኖሮ እኔ ከምሳዬ ተነሥቼ፣ በዓይኔ አይቼ፣ ‹እየበላች ነው› እል ነበር። አለቀ።»

ጓንጉል ቀጠለ። የተናገረው በእርጋታ ነው። ድንኳን፣ በአሥራ አንድ ደቂቃ። መልእክት፣ ለሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቤት፣ አንድም ሳይቀር። የሥራ ፈቃድ፣ ለሁሉም፣ ያለ ማመልከቻ። ወንበር አልጎደለም፣ ወጥ አልጎደለም።

«በዚህ ብሎክ ታሪክ እንዲህ ያማረ ለቅሶ አይታችኋል?»

ጉባኤው አሰበ። አላየም ነበር።

«ሴትዮዋ ግን አልሞተችም» አለ አንድ ሰው ከኋላ።

«እሱ የመሣሪያው ጥፋት አይደለም» አለ ጓንጉል። «እሷ በሞቴ ባትል መሣሪያው ምን ብሎ ይነሣ ነበር?»

ብዙዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከሌላው ቀድመው እጅ አወጡ። ቅብብል አንድ መቶ ሰማንያ ስምንት፣ ድርና ማግ ዘጠና ሰባት። ጓንጉል በነካ እጁ የቃላቱን ዝርዝር ለማረም ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ግን ማረም ያለበት ኮሚቴ ነው ተባለ፣ ኮሚቴው ደግሞ ዝርዝሩን ከማረም ሰውን ማረም ይቀላል ብሎ ወሰነ።

በጥር ወር ደንቡ በየደረጃው ተለጠፈ። ከእንግዲህ በቤት ውስጥ የማይነገሩ ቃላት፦ በሞቴ። እኔ ልሙት። አፈር ስሆን። ገደልከኝ፣ በሣቅም ቢሆን፤ ይህኛው ፖሊስ ይጠራል። በምትኩ «በጤናዬ» ማለት ይቻላል።

አልሠራም። «በጤናዬ ጉረስ» ሲባል ማንም አይጎርስም፤ የሰው ጤና ምን ቸገረው። በወይራ ሜዳ ሳይት እንግዳ ሁሉ እንደ ወጉ «በቃኝ» ይላል፣ ባለቤቱ እንደ ወጉ ሊለምን አፉን ይከፍታል፣ ግድግዳውን አይቶ ይዘጋዋል፤ እንግዳውም ተርቦ ይሄዳል። የሳይቱ ጤና ጣቢያ በየካቲት ባወጣው ዘገባ አረጋውያን በአማካይ ሁለት ኪሎ ተኩል ቀንሰዋል። ምክንያቱ እየተጣራ ነው ይላል።

መላውን ያገኘችው ኤልዳና ናት። አማቶቿ ለምሳ መጥተው፣ አንድ አንድ ጊዜ ጎርሰው እጃቸውን ሊታጠቡ ሲሉ፣ ሮጣ ሰባተኛ ፎቅ ወጣች። ሶልያናን በእጇ ጎትታ አመጣቻትና ማዕዱ ፊት አቆመቻት።

«በይልኝ» አለቻት።

ሶልያና ገባት። ጉርሻ ጠቀለለች። «በሞቴ!» አለች በሙሉ ድምፅዋ። ግድግዳው ለቅሶ ሰማ፣ እሹሩሩ አለ። አማቶቹ አፋቸውን ከፈቱ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ቤቷ አልዋለችም። በመላው ሳይቱ «በሞቴ» ማለት የምትችል ብቸኛ ሰው እሷ ናት፤ ሕፃን ናትና። ለክርስትና ይጠሯታል፣ ለሽምግልና ይጠሯታል፣ ለምርቃት ይጠሯታል። ከብሎክ አራት ወረፋ የሚያስይዙ አሉ። በሄደችበት ቤት እየዞረች ታጎርሳለች፣ ትለምናለች፣ ትምላለች። በቀን እስከ ሃያ ጊዜ በሞቷ ትምላለች። ሰው ጠግቦ፣ ስቆ፣ መርቋት ይሄዳል።

እሷ ግን አትበላም። «አንቺም ብዪ እንጂ» ይሏታል። «በቃኝ» ትላለች፤ ያደገችበት ነው። ሁለተኛ የሚለምናት ሰው አፉን ይከፍትና ግድግዳውን ያያል። በሚያዝያ ወር ቀሚሶቿን በመርፌ ቁልፍ ትይዛቸው ጀመር። ለሕፃን ክብደቷ ጥሩ ነው ይላታል ግድግዳው።

በሚያዝያ የመጨረሻው ማክሰኞ ጋሽ ናሆም በሯን አንኳኩ። «ዛሬ እኔ ቤት ነው» አሉ። ተከትላቸው ገባች። ማዕዱ ላይ የዓሣ ዱለት ነበር፣ ራሳቸው የሠሩት፤ ትንሽ አሮባቸዋል። አጠገቡ የታጠፈ ንጹሕ ነጠላ፣ መታወቂያቸውና የባለቤታቸው ፎቶ በሥርዓት ተደርድረዋል። ሶልያና ምን እንደሆነ ለመጠየቅ አሰበችና ተወችው።

አንድ ጊዜ ጎረሰች። «በቃኝ» አለች።

«ምኑን ቀመስሽውና» አሉ።

«ኧረ ጠግቤያለሁ ጋሼ።»

ጋሽ ናሆም እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ። ግድግዳውን አዩት። ግድግዳውም፣ ማየት ከተባለ፣ አያቸው።

«ጋሼ፣ ተዉ» አለች ሶልያና፣ ገብቷት። ዓይኗ እንባ ሞላ። «ልጅ የለዎት፣ ቤትዎን ይወስዱታል! ተዉ!»

«በሞቴ» አሉ ጋሽ ናሆም፣ እያንዳንዷን ፊደል አጥርተው፣ ለግድግዳው እንዲሰማ። «ሶልዬ፣ በሞቴ ይቺን!»

ጆሮው አረንጓዴ ሆነ። ሶልያና አፏን ከፈተች። ጉርሻው ከአፏ ይበልጥ ነበርና መናገር አልቻለችም፤ እያኘከች አለቀሰች፣ እያለቀሰች አኘከች። ከታች፣ ከእድሩ ዕቃ ቤት በኩል፣ የጭነት መኪናው ሞተር ሲነሣ ተሰማ።

ጋሽ ናሆም ሁለተኛውን መጠቅለል ጀምረዋል።

«ለኤልዳና ነግሬያታለሁ» አሉ። «እልልታው ከሦስት እንዳያልፍ ብዬ አስጠንቅቄያታለሁ። አንቺ ወንድ ከሆንሽ እኔ ሴት ብሆን ነው የሚያምረው፤ አብረን እናድጋለን።» ጉርሻውን አፏ ድረስ አመጡት። «አሥራ አንድ ደቂቃ አለን። ድገሚ።»